የተላጠው ዲፕሎማ

ሰነድ አረጋጋጩን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «አንድ በአንድ» ይሉታል። ኮፒውን ከዋናው ጋር ሲያገናዝብ ማስመሪያውን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ፊደል በፊደል ስለሚያነብ ነው። ወረፋ የያዘው ሰው በንዴት ጥርሱን ያፋጫል፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ከመስታወቱ ጀርባ ሃያ ሁለት ዓመት ሲቀመጥ አንድ የተሳሳተ ወረቀት አላሳለፈም። ቂምም እንደዚያው፤ አንዱንም አልጣለም።

ከቂሞቹ ሁሉ የከበደው በአንዲት ሜትሮን፣ በሆስፒታል የነርሶች አለቃ ላይ የያዘው ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ አዋላጅ ነርስ የሆነችው ታናሽ እህቱ ባህር ማዶ ሥራ አግኝታ ነበር። የቀራት ነገር ቢኖር የዚያ አገር የጤና ባለሙያዎች ምዝገባ ቦርድ የጠየቃት የመልካም ሥነ ምግባር ደብዳቤ ነው፤ ፈራሚዋ ደግሞ የሆስፒታሉ ሜትሮን። እህቱ አንድ ቀን የሜትሮኗን ስህተት በሐኪሞች ፊት ነግራት ስለነበር፣ ሴትዮዋ ነገሩን በሆዷ ያዘች። ደብዳቤውን መሳቢያዋ ውስጥ ስድስት ሳምንት አስተኝታ «ነገ ነይ» ስትል ቀኑ አለፈ፤ ቦታው ለሌላ ተሰጠ። እህቱ እስከ ዛሬ እዚያው ማዋለጃ ክፍል ቆማ ትውላለች። ከሥራ ስትመለስ ያበጠ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ ትቀመጣለች፤ እሱም እግሯን ባየ ቁጥር ያችን ሴት እንደ አዲስ ይጠላታል።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሜትሮኗ መስኮቱ ፊት ቆመች። ፀጉሯ ነጥቷል፤ አነጋገሯ ግን ያው ትእዛዝ ነው።

«የኔ ወንድም፣ ቶሎ በልልኝ። ልጄ ያለችበት አገር ሥራ አግኝቼ፣ ቦርዱ ይሄን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ነገ ፋይሌን ይዘጋዋል።»

እሱ ገና ስትገባ ለይቷታል። እሷ አላወቀችውም። ያወጣችው ዲፕሎማ ላሚኔት ተደርጎ ያብረቀርቃል። ሰው የሚሳሳለትን ወረቀት ውሃና አቧራ እንዳይነካው ብሎ በፕላስቲክ ያሽገዋል፤ በዚያው ማህተም የሚያርፍበትን ጀርባውን ይደፍነዋል።

«ላሚኔት የተደረገ አንቀበልም» አላት።

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

ለዚህ ጥያቄ ሺህ ጊዜ የተናገረው መልስ አለው፦ እንዳይላጥ፣ ፕላስቲኩ ቀለሙን ይዞት ይነሳል። ኮሌጁ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው፤ የታሸገውን እንዳለ ለመለሰ ሰው በማግስቱ ጠዋት ምትክ ይሰጣል፤ የተበላሸ ከሆነ ግን ማጣራቱ ወር ይፈጃል። መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠውና ሌላ ነገር ጠየቀ።

«እሜቴ፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ደብዳቤ ከልክለዋት መንገዷ የቀረባት አዋላጅ ነበረች። ያስታውሷታል?»

«አዋላጅ? ስንቷን! የሁሉንም ለቅሶ ብይዝ ኖሮ አብድ ነበር። ይልቅ ንገረኝ፣ ፕላስቲኩ ቢነሳ ትቀበላለህ?»

በቀል ከጉዳት በፊት የሚሻው መታወስን ነው። ጥፋተኛው ጥፋቱን ካላስታወሰ፣ ቂመኛው እነዚያን ሁሉ ዓመታት ብቻውን ሲሟገት ኖሯል ማለት ነው። የ«አንድ በአንድ» ፊት ቀዘቀዘ።

«ፕላስቲክ የሌለበት ወረቀት ከሆነ እቀበላለሁ» አለ። ውሸት አልተናገረም።

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ትንሽ መቀስ አውጥታ፣ ፋሻ ስትፈታ በኖረ እጇ ከጥጉ ጀመረች። እሱ የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ወረቀት ተቀብሎ ማስመሪያውን አስቀመጠበት፤ አንድ ፊደል ግን አላነበበም። የመጀመሪያው ጥግ በንጽህና ተነሳ። ቀና ብላ ፈገግ አለችለት። ፈገግታውን አልመለሰም፤ «አይላጡት»ም አላላትም።

ከዚያ ስሟ ተነሳ። ዓመተ ምሕረቱ ተነሳ። የዲኑ ፊርማ ግማሹ ከፕላስቲኩ ጋር ሄደ። ወረቀቱ ላይ የቀረው ነጭ ጠባሳ ነው። ደም የሚያቆም ሰው እንደሚያደርገው በመዳፏ መልሳ ጫነችው፤ ቆየች፤ ገለጠችው። ከዚያ ሁለቱንም ይዛ መጣች።

«ስሜ ይኸው፣ እዚህ ላይ አለ» አለች ፕላስቲኩን ወደ መብራቱ አንስታ።

«ፕላስቲክ አላረጋግጥም፣ እሜቴ።»

ረጅም ጊዜ አየችው። ሁለቱን ደራርባ ቦርሳዋ ከተተችና ወጣች።

ቤት ሲደርስ እህቱ እግሯን ነክራለች። ጫማውን ሳያወልቅ ነገራት። አፏን በእጇ ይዛ፣ የሳፋው ውሃ እስኪፈስ ሳቀች።

«ጋሼ፣ አትዋሽ!»

«አንቺን ይንሳኝ!»

«እስቲ ደግመህ ንገረኝ፤ ከመቀሱ ጀምር።»

ከመቀሱ ጀመረ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲነግራት ግን ሳቁ አልመጣም። ዓይኗን ውሃው ላይ ተክላ ሰማችው።

«እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

አልተንቀጠቀጠም ነበር። እስከ መጨረሻው ጥግ ድረስ ቀጥ ብሎ ነው የሠራው።

«እንደ ቅጠል» አላት።