እናቴን በአንድ ጉንጭ ያስዋጥኳት መድኃኒት

በጃንሆይ ዘመን ነው። ቁይ ከተማ፣ ገበያው ዳር ጨርቅ እንሸጣለን። አባቴ ቁርኣን ይቀራል፤ የአማርኛ ፊደል የሚለይ ግን ከቤቱ ሰባተኛ ክፍል የደረስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ እናቴን ጽንስ አስወርዷት ብዙ ደም ሲፈስሳት፣ ከክሊኒክ የተሰጣትን ቀይ የብረት ክኒን ማስዋጥ የእኔ ሥራ ሆነ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ተስቦ ያዛት። የክሊኒኩ የሕክምና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ የተስቦ ካፕሱል ሰጠኝና «በየስድስት ሰዓቱ አንድ አንድ» አለኝ። ስለ ብረቱ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ይበልጥ የሚያበረቷት መሰለኝ። ሆዷን እንዳይጎዳት ብዬ ደግሞ በወተት አስዋጥኳት።

ትኩሳቱ አልበርድ አለ። በአራተኛው ቀን እኔን በሞተች እህቷ ስም ትጠራኝ ጀመር። «እማ፣ እባክሽ ዋጪ» እያልኩ ስለምናት ወተቱ በአገጯ ይወርዳል። ወደ ሱቁ ብቅ ስል አባቴ ከጣቃው ላይ ነጭ አቡጀዲ ቀድዶ ሲያጥፍ አየሁት። ቀና ብሎ አላየኝም። ለከፈን መሆኑ ገባኝ። እደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ በእህል መኪና ጭነን ደብረ ማርቆስ አደረስናት። አንድ ሽማግሌ ሐኪም «የምትውጠውን ሁሉ አሳዪኝ» አለኝ። ከነጠላዬ ጫፍ ቋጠሮ ፈትቼ ካፕሱሉንም ቀዩንም አወጣሁ።

«አብረሽ ነው የምትሰጫት?»

«አዎ፣ በወተት።»

ቀዩን ክኒን ለይቶ ወደ ጎን አደረገ። «ልጄ፣ ብረቱም ወተቱም መድኃኒቱን ሆድ ውስጥ ይይዙታል፤ እንደሚገባው ወደ ደሟ አይደርስም። ካፕሱሉን እስክትጨርስ ብረቱ ይቅር። በባዶ ሆዷ፣ በውሃ ብቻ ትውሰድ።»

«ገደልኳት?» አልኩት።

«ገና በሕይወት አለች» አለና ወደ አልጋዋ ሄደ።

ሦስት ቀን እግሯ ሥር ተቀምጬ ዱዓ አደረግሁ። አንደበቴ ተሳስቶ እሷን ውሰድና እኔን ተው እንዳልል ፈራሁ፤ እኔን ውሰድ አልኩ። በአራተኛው ቀን ላብ አጠመቃት፤ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀችኝ።

ዳነች። የግራ ጆሮዋ ግን ከዚያ ወዲያ አልሰማም። የተስቦው ጣጣ ነው አሉ። እኔ በከንቱ ያለፉትን ቀናት አስባለሁ። ብረቱን ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜ መልሼ ስጀምርላት ካፕሱሉ ማለቁን ደጋግሜ አረጋገጥኩ።

አንድ ቀን ጨክኜ ሁሉንም ነገርኳት። «አንቺ ባትኖሪ ማን ያስታምመኝ ነበር?» አለችኝ። አቅፋኝ ነበር የምትናገረው። እኔን ግን አላጽናናኝም፤ የነገርኳት በሚሰማው በቀኝ ጆሮዋ በኩል ነበር።