ጌትነት ያልበላው ወታደር

ልጅ ሳለሁ፣ ደብረ ማርቆስ፣ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አባባ አየነው፣ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ በዘበኛ ቤታቸው ኩራዝ አብርተው፣ በግቢው ለምንኖር የመምህራን ልጆች ተረት ያወሩልን ነበር። ተረታቸው ግን የቀበሮና የዝንጀሮ አልነበረም፤ መምህራኑ ቼዝ ሲጫወቱ ስንት ዓመት ቆመው እያዩ ጨዋታውን ለቅመውት ኖሮ፣ ያኔ እኛን የሚያስተምሩን ጠጠሮቹን በተረት እያናገሩ ነበር። የባሕር ዛፍ ጭስ ዓይኔን እያቃጠለኝ ፍሙ እስኪከስም እሰማቸዋለሁ።

የትምህርት ቤቱ ውድድር ሲቃረብ አንዱን ተረት ለእኔ ብቻ ነገሩኝ። አንድ ወታደር ከሰፈሩ ወጥቶ ብቻውን ይቆማል፤ ጠላት የተረሳ መስሎት ይበላዋል፤ ያኔ አድፍጦ የቆየው ነጭ ፈረስ ይወጣና ንግሥቲቱን ይይዛታል። የጨዋታዬ አከፋፈት ይኸው ነበር። ዋንጫውንማ በልቤ ቤት አስገብቼው ነበር እኮ!

ለፍጻሜ የደረሰኝ ጌትነት የሚባል ተማሪ ነው። ወታደሬን አውጥቼ ጠበቅሁ። ጌትነት አየው፤ ፈገግ አለ፤ ሳይነካውም የራሱን ንግሥት ዘወር አደረጋት። ክው አልሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደተጫወትሁ አላውቅም፤ ብቻ ተሸነፍሁ።

ማን ነገረው? ጌትነት አምበር ከምትባለው ከተማ የመጣ ልጅ ነው፤ አባባም የአምበር ሰው ናቸው። በር ላይ ሲያገኙት «ያገሬ ልጅ» እያሉ ራሱን ሲያሻሹት ስንቴ አይቻለሁ! በቀጥታ ወደ ዘበኛ ቤቱ ሄድሁ።

«አባባ፣ ለአገርዎ ልጅ ነገሩት አይደል?»

«እኔን ነው ልጄ?» አሉ። ኩራዙን ሊለኩሱበት የያዙትን ክብሪት ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ሳምንት ሙሉ በዚያ በኩል ላለማለፍ በጓሮ በር ስወጣ ከረምሁ። አንድ ቀን የጌትነት እህት እናኑ፣ ክፍል አብራኝ የምትማረው፣ መንገድ ላይ ያዘችኝ።

«ያንን የነጩን ፈረስ ተረት ድገሚልኝ እስቲ። ወንድሜ ወዶት ሦስቴ አስወርቶኛል» አለችኝ።

ጉድ ፈላ! ለካ ገበያ ተልከን አብረን ስንሄድ፣ ተረት አዋቂ ለመባል እየተኩራራሁ የነገርኋት እኔው ነኝ።

ያን ምሽት ሄጄ እያለቀስሁ ነገርኋቸው። አባባ ፍሙን እየቆሰቆሱ «ተረትማ ሊወራ አይደል የሚነገር? በእሱስ አልከፋኝም» አሉ። ወዲያ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ፤ የቼዝ ሰሌዳውን ግን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለበት አላወረዱትም። ከዚያ ወዲህም ከእኔ ጋር አልተጫወቱም።

ዛሬ አከፋፈቱ ራሱ ተምታቶብኛል፤ ፈረሱ የቱ ጋ ያደፍጥ እንደነበር እንኳ አላስታውስም። ሰው ለመጠርጠር ባሰብሁ ቁጥር ግን የሚታየኝ፣ አባባ በጨለማው ውስጥ ክብሪታቸውን ወደ ኪሳቸው ሲመልሱ ነው።