ጠንቃቃው ተሳፋሪ

ከሻሸመኔ ወደ አዳማ በሚኒባስ ስመጣ፣ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት አላስቀምጥ አሉን። ሹፌሩ ትንሽ ፈጠን ሲል “ኧረ ቀስ በል ልጄ!” ይላሉ። ሊቀድም ሲል ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ክንዴን ጭምቅ ያደርጋሉ። ሰው ቢስቅባቸውም እኔ ወደድኳቸው፤ እኔም ፈሪ ነኝ።

ቡልቡላ ላይ ወረዱ። ለካ እሳቸውም ሹፌር ናቸው፤ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ እዚያ አቁመው ኖሯል። “አዳማ ከሆንክ ና ግባ” አሉኝ። እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው እንዴት እንደሚነዳ ለማየት ጓጉቼ ከሚኒባሱ ወረድኩና ጋቢና ገባሁ።

ብዙም ሳንርቅ ያንኑ ሚኒባስ ኩርባ ላይ ደርበን ቀደምነው። ክንዳቸውን ጭምቅ አድርጌ “ኧረ ቀስ ይበሉ አባቴ!” ብዬ ጮህኩ።

መንገዱን ማየት ትተው በመገረም ወደ እኔ ዞሩ።

“ምን ያስፈራሃል? አሁን እኮ የምነዳው እኔ ነኝ!”