በልጄ አክስት ቀንቼ ነበር

ጌታ የተባረከ ይሁን! ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ ልጄ ስለ መቅደስ ልመሰክር ተነሥቻለሁ። ያቻት፣ ከኋላ ከአክስቷ ጎን ተቀምጣ ትስቅብኛለች። አትሳቂ፣ ዛሬ ሁሉንም ነው የምናገረው!

ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር። የምንኖረው ይጁቤ ነው። ትኩሳቱ አልለቅ ሲላት፣ ድዷ ሲደማ ደብረ ማርቆስ ወሰድናት፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ላኩን። "የደም ካንሰር ነው፤ ሕክምና አለው፣ ግን ረጅም ነው" አለው ሐኪሙ ለባለቤቴ። እኔ የሦስት ሳምንት አራስ ነበርሁ። ማን ያስታምማት? የባለቤቴ ታላቅ እህት የሺ፣ እዚያው ደብረ ማርቆስ ላይ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋን ዘግታ "እኔ አለሁ" ብላ አብራት ሆስፒታል ገባች።

ማመስገን ሲገባኝ ቀናሁ። ወገኖቼ፣ ቅናት እንዴት ያለ እሳት ነው! ስደውል መቅደስ "አክስቴ እኮ ጸጉሬ ሲረግፍ የራሷንም ተላጨች!" ትለኛለች። ደስ ይበለኝ? የት! "ልጄን ልትወስድብኝ ነው" እያልሁ እንገበገባለሁ። የሺ ጌታን የምታምን ናት፤ እኔ ጸሎቷን እንኳ እጠላው ነበር። "እንጸልይ" ስትለኝ "ኔትወርኩ ይቆራረጣል" ብዬ እዘጋባታለሁ።

ሕፃኑ ትንሽ ጠና ሲልልኝ አዝዬው አዲስ አበባ ሄድሁ። ገና ከመድረሴ "ከእንግዲህ እናቷ አለሁ፤ አንቺ ወደ ሱቅሽ ተመለሽ" አልኋት። ፊቷ ተለወጠ። የመቅደስን ግንባር ስማ ወጣች። እኔም አሸነፍሁ ብዬ ደስ አለኝ! ጌታ ይቅር ይበለኝ!

በማግሥቱ መቅደስ ጀርባዋ ላይ መርፌ የምትወጋበት ቀን ነበር። ልጄ ጥርሷን ነክሳ ዝም። እኔ ስንሰቀሰቅ እጇን ዘርግታ ጉንጬን ጠረገችልኝ። "አይዞሽ እማዬ፣ አያመኝም።" እያመማት!

አልጋዋ ላይ ስትተኛ "ለምን አላለቀስሽም?" አልኋት።

"አንቺ ታለቅሻለሻ! አክስቴ ስትኖር እጮሃለሁ፣ እጇንም እነክሳለሁ። እሷ አትፈራም፣ ትዘምርልኛለች። አንቺን ግን የማባብልሽ እኔ ነኝ።"

ሃሌ ሉያ! ያኔ ተሰበርሁ። ያች ትንሽ ልጅ ሕመሟን ውጣ እኔን ትሸከም ነበር። ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኬ "ጌታ ሆይ፣ እኔንም አድነኝ፤ ይህን ቅናት ንቀልልኝ" አልሁ። ከዚያ ደወልሁላት።

"እትዬ የሺ፣ በድዬሻለሁ። ተመለሽልኝ።"

"መች ሄድሁና? እዚሁ ዘመድ ቤት ነኝ። መርፌው እንዴት ሆነላት?" አለችኝ።

ስሙ ይባረክ! ከዚያ ወዲያ መርፌ ክፍል የምትገባው የሺ ሆነች፤ እኔ ሾርባ እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ሕፃኑን ይይዛል። ኬሞው መቅደስን ሲያስመልሳት "ጨረስን እንዴ?" ትልና አፏን ተጉመጥምጣ ትተኛለች። ከረጅም ጊዜ በኋላ ሐኪሙ "በደሟ ውስጥ በሽታው አይታይም፤ ክትትሉን ግን እንዳታቋርጡ" አለን። ጌታ በሐኪሞቹም፣ በመድኃኒቱም፣ በየሺም ልጄን አቆመልኝ!

አልዋሻችሁም፤ ዛሬም የትምህርት ቤት ውጤቷን መጀመሪያ የምትነግረው ለአክስቷ ነው። ቆንጠጥ ያደርገኛል። ያን ጊዜ "ጌታ ሆይ፣ ተመስገን፣ የምትነግርበት አፍ አላት" እላለሁ።

እናንተም ልጅ የታመመባችሁ፣ ጌታን እመኑት። እርዳታውን በማትወዱት ሰው እጅ ቢልክላችሁም እንኳ፣ እባካችሁ፣ በሩን ክፈቱለት።