«ታማለች» ብዬ የላክሁባት እህቴ

እህቴ በጠረጴዛ ቴኒስ ከሴቶች የአገሩ አንደኛ ነበረች። ሰው ይህን ሲሰማ «አንተማ ኮርተህ ኖረሃል» ይለኛል። እኔ ግን አንገቴን እደፋለሁ። ዋንጫዎቿን ያገኘችው እኔ እያደናቀፍኋት እንጂ እየደገፍኋት አልነበረም። ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ ሰው ነኝና ጽሑፌ ቢንሻፈፍ አንባቢ ይታገሠኝ። ነገሩን ግን ሳልሞት በገዛ እጄ ላስፍረው ብያለሁ።

ቤታችን ከወረታ ከተማ ወደ ርብ ወንዝ በኩል ወረድ ብሎ ነበር። አባታችን ሲሞት በሬ የሚጠምድ ሌላ ወንድ ስላልነበረ ደብተሬን ጥዬ ሞፈር ጨበጥሁ። እህቴ ያን ጊዜ ገና ከእናቴ ጀርባ አልወረደችም። ለትምህርት ስትደርስ እናቴ «አንድሽ እንኳ ተማሪ» ብላ ከተማው ትምህርት ቤት አስገባቻት። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ሜዳው ገና ውኃ ነው። እሷም ቀሚሷን ሰብስባ፣ ደብተሯን አናቷ ላይ አድርጋ፣ እየተሻገረች ትሄዳለች። ከወንዙ ማዶ ያሉ እኩዮቿ ውኃው እስኪጎድል ሲጠብቁ እሷ አንድ ቀን አልቀረችም።

ከሌላ አገር የመጣ አንድ መምህር ከዋንዛ ሳንቃ ጠረጴዛ አሠርቶ፣ መሐሉ ላይ መረብ ገትሮ ልጆቹን ማጫወት ጀመረ። ሴቶቹ ዳር ቆመው ያዩ ነበር። እሷ ግን ከቆሙት መካከል ወጥታ «እኔም ልሞክር» አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ይችላታል። ቤት ስትመጣ ከጣውላ ራኬት ጠርባ፣ ፊቱን በመኪና የውስጥ ጎማ ለብጣ፣ ነጯን ኳስ ከግድግዳችን ጋር ታላጋት ጀመር። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ከብቶቹን እየነዳሁ ስመጣ ከሩቅ እሰማዋለሁ። እናቴ በእበት አሳምራ የለቀለቀችው ግድግዳ በነጠብጣብ ተሞላ። «ግድግዳዬን ፈንጣጣ አስያዝሽው» ብላ ትስቃለች እንጂ አልከለከለቻትም።

ኋላ ለከፍተኛው ክፍል ጎንደር የእናቴ እህት ዘንድ ገባች። እዚያ ደኅና ጠረጴዛና ደኅና አሠልጣኝ አገኘች። ትምህርት ቤቶቹ ሲጋጠሙ ሴቶቹን ሁሉ ታሸንፋለች ይባል ነበር። ደብዳቤዋን ለእናቴ የማነብላት እኔ ነኝ፤ ፊደል እየቈጠርሁ። አንድ ጊዜ «በመጪው ወር ውድድር አለ፣ ያሸነፈች ለአገሩ ሁሉ ውድድር አዲስ አበባ ትሄዳለች፣ ጸልዩልኝ» ብላ ጻፈች። እናቴ በዚያው ሌሊት ለእመቤታችን ተሳለች።

እኔስ? እኔ በዚያው ሰሞን ይፋግ ገበያ በሬ ልሸጥ ሄድሁ። አንድ የማውቀው ሰው በገበያተኛው መሐል፣ «አንተ ጎበዝ፣ እህትህን ጎንደር ላይ በቁምጣ ስትዘል አየኋት» አለኝ። ቀጠለና፣ «መቼም የፎገራ ጊደር አጥር መዝለል ትችልበታለች» ብሎ ሰዉን አሣቀው። እኔም አብሬ ሣቅሁ። ያን ሣቄን ዛሬም እጠላዋለሁ። መልስ ቸግሮኝ አልነበረም፤ «በገዛ ክንዷ ታሸንፋለች» ማለት ይበቃ ነበር። ሣቅሁና፣ ወደ ቤቴ ስመለስ ግን መንገዱን ሙሉ ፊቴ ሲነድ መጣ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከይፋግ ወዲያ ከብቱ ከበዛ ቤት ሽማግሌ መጣ። እናቴ ዘንድ እንዳይሄዱ ብዬ ቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አነጋገርኋቸው። እሺ አልሁ። ቀን ቆረጥሁ። እናቴን አላማከርሁም፣ ልጅቱንማ ማን ቈጥሯት። ያቺ ቀን ከውድድሩ ጋር እንደምትገጥም አውቃለሁ። እንዲያውም እንድትገጥም ነው የፈለግሁ፤ አዲስ አበባ ከሄደች አትመለስም ብዬ።

እንግዲህ እንዴት ትምጣ? በአገራችን መርዶ በመንገድ አይነገርም። ሩቅ አገር ላለ ሰው ዘመድ ሲሞትበት «እናትህ ታማለች፣ ድረስ» ተብሎ ይላክበታል እንጂ ሞተች አይባልም። ሲደርስ ዘመድ ተሰብስቦ ማለዳ ያረዳዋል። ስለዚህ «ታማለች ድረሽ» የሚለውን የሰማ ሁሉ ልቡ ያውቀዋል፤ ግን አይጠይቅም።

ወረታ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ እስላም ነጋዴ ነበሩ። ዕቃ ለማምጣት ጎንደር ይመላለሳሉ። አባቴ በሕይወት ሳለ ወዳጁ ነበሩ። ሱቃቸው ደጃፍ ቆሜ፣

«ለእህቴ፣ እናትሽ ታማለች፣ ቶሎ ድረሽ ይበሉልኝ» አልኋቸው።

ጨርቅ የሚለኩበትን እንጨት አስቀመጡት።

«ታማለች ነው ልጄ፣ ወይስ ሌላ ነው?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እናቴ በዚያች ሰዓት ግቢያችን ውስጥ ጓያ እየለቀመች ነበር፤ እንኳን ሞት ራስ ምታትም አልነካት። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። መሬት መሬት አየሁ። በአፌ አልዋሸሁም እያልሁ ስንት ዘመን ራሴን አታለልሁ፤ የዋሸሁ በአንገቴ ነው። እሳቸውም «አላህ ያጽናህ» ብለው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። በሳምንቱ ይሄዱ የነበሩት ሰውዬ በማግስቱ ተነሡ።

የደረሱባት ከጠረጴዛው ፊት ቆማ ነው አሉ። ሁለት ሴት አሸንፋ አንዲት ቀርታት ነበር። ራኬቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

እኛ ዘንድ የደረሰች ከቀትር በኋላ ነው። ከመኪና መንገዱ ጀምራ እየጮኸች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ፊቷን ቧጭራ መጣች። እናቴ ጩኸቱን ስትሰማ ወንፊቷን ጥላ ተነሣች። በአገራችን ለቅሶ ሲሰማ ማን ሞተ ተብሎ አይጠበቅም፤ እየጮኹ ወጥቶ መቀበል ነው። «ኧረ ማነው! ኧረ ማን ሞተብኝ!» እያለች ደረቷን እየመታች ወጣች። ጎረቤትም ተከትሏት ወጣ። እናትና ልጅ እየተላቀሱ ከደጃፋችን ዋርካ ሥር ፊት ለፊት ተገናኙ።

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። እህቴ እጇን ዘርግታ የእናቴን ፊት ዳሰሰች፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን። ጎረቤቱ ወደ እኔ ዞረ። እናቴ ግን ገና አልገባትም፤ ልጅቱ አቅፋት «እማዬ፣ ሞተሻል ብለውኝ» ስትል ነው የገባት።

«በቁሜ አስለቀስህብኝ?» አለችኝ እናቴ።

ሰርጉም ሳይሆን ቀረ። እናቴ ራሷ ሽማግሎቹ ዘንድ ሄዳ «ልጄን አልሰጥም፣ እሺ ያለውን ሰው ራሱን ዳሩት» ብላቸው መጣች። ይህ ቀልድ ወረታን አዳርሶ እኔን ሲያዩ ጥርሳቸውን የማይገልጡ ጥቂት ነበሩ። እህቴ የፊቷ ቁስል ሳይሽር ጎንደር ተመለሰች። አዲስ አበባ የሄደችው ግን ያች ሦስተኛዋ ልጅ ሆነች።

በዓመቱ እህቴ አሸነፈች። አዲስ አበባም ሄዳ ዋንጫ ይዛ ተመለሰች። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። እናቴ ያን ነጠብጣብ ግድግዳ በየዓመቱ ቤቱን ስትለቀልቅ ትዘለዋለች፤ «እጇ ያረፈበት ነው፣ አይነካ» ትላለች።

በሦስተኛው ዓመት ውኃው ሲጎድል ወባ ገባ። እናቴን የምር ጣላት። በሁለተኛው ቀን «ልጄን ጥራልኝ» አለችኝ። ራሴ መሄድ ነበረብኝ። ከብቶቹን ማን ይይዛቸዋል አልሁ። ውሸት ነው፤ ከብት የሚይዝ ጎረቤት ሞልቶ ነበር። የእህቴን ዓይን ፈራሁ። እነዚያው ነጋዴ ዘንድ ሄድሁ።

«እናቴ ታማለች፣ ትድረስ ይበሉልኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንድ ጊዜ በእኔ አፍ ዋሽተህባታል። ዛሬስ በምን አፍ ልንገራት?»

«እውነት ነው አባቴ።»

«እኔስ አምኜሃለሁ፤ ጭንቁ እሷን ማሳመኑ ነው» አሉና ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ብቻቸውን ተመለሱ። እንደ ልማዷ ለውድድር ስትዘጋጅ አግኝተዋት መልእክቱን ሲነግሯት ራኬቷን እንኳ አላወረደችም አሉ። ያለችውን እንዲነግሩኝ ብለምናቸው እንቢ ብለው ቆዩና፣ በመጨረሻ ነገሩኝ።

«ደግሞ ለማን ሊድረኝ ነው ይበሉልኝ» ብላለች።

እናቴ ፊቷን ወደዚያ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር «እሷ ናት?» ትላለች። እኔም «ትደርሳለች» እላለሁ። ማታውን አረፈች። ውድድሩም በዚያው ቀን ኖሯል። እህቴ አሸንፋለች።

ሰው ተልኮባት የመጣችው ከቀብሩ በኋላ፣ በሰልስቱ ነው። አልጮኸችም። ግድግዳው ዘንድ ሄዳ ነጠብጣቦቹን በጣቷ እየነካች ብዙ ቆመች። ይቅር በይኝ ልላት ፈልጌ ሳልላት ቀረሁ። ስትሄድ መኪናው ዘንድ ሸኘኋት።

«ወንድምዓለም» አለችኝ፣ «ከእንግዲህ ሰው አትላክብኝ። የሚሆን ነገር ካለ ራስህ መጥተህ ንገረኝ።»

እሺ አልሁ። ከዚያ ወዲያ የሚነገርም አልነበረም፣ እኔም አልሄድሁም። እሷ አዲስ አበባ ገብታ አስተማሪ ሆነች። ማሸነፏን የምሰማው ከነጋዴው ነበር።

ዓመታት አልፈው፣ አንድ በጋ፣ እህሌን ከአውድማ አስገብቼ ስጨርስ ልቤ ተነሣ። ስትጫወት አንድ ቀን እንኳ አይቻት አላውቅም። ባሕር ዳር ሄጄ ከዚያ በመኪና ተሳፍሬ አዲስ አበባ ገባሁና፣ እያጠያየቅሁ የሚጫወቱበት አዳራሽ ደረስሁ። ከኋላ ቆምሁ። ወፍራም ሆናለች፤ ክንዷ ግን እንደ ድሮው ነው። ኳሷ ጠቅ ጠቅ ስትል ከብት ነድቼ የምመጣ መሰለኝ። ሳላስበው ወደ ፊት ተጠጋሁ።

አየችኝ። ኳሷ አጠገቧ አልፋ ወደቀች፤ እሷ ግን አላየቻትም። ሁለተኛይቱም አለፈች። ሦስተኛይቱም። ዓይኗ እኔ ላይ ቀርቶ ፊቷ አመድ መሰለ። ያን ጊዜ ነው ያለችኝን ያስታወስሁ። ራስህ መጥተህ ንገረኝ ብላኛለች፤ እኔም ራሴ መጥቻለሁ። የእናቷ ልጅ፣ የገዛ ወንድሟ ፊት፣ ለእሷ መርዶ ሆኖባታል።

በሰው መሐል መጮኽ አልችልም። በኀዘን ጊዜ ነጠላ ይዘቀዘቃል፣ ጥለቱ ወደ አንገት ይወጣል። የእኔ እንደ ወጉ ወደ ታች ነበር። ጥለቱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ እሷ ዘርግቼ አሳየኋት። ሰዉ ያበደ ባላገር መስሎት ያየኝ ነበር። እሷ ጥለቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ደግሞ ጥለቱን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ኳሷን አነሣች።

ሲያበቃ ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። ማሸነፏን ሰው ሲያጨበጭብ ነው ያወቅሁ።

«ምን ሆነህ ነው የመጣህ?»

«ልይሽ ብዬ ነው የመጣሁ። ሌላ ነገር የለም።»

አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ሦስት ነጥብ አስበላኸኝ» አለችኝ።

ያስበላኋት ብዙ ነበር። እሷ ግን ሦስቱን ብቻ ነው የቈጠረችብኝ።