ከሠርጉ በፊት ያፈሰሰችው መኪና

ባለፈው ሳምንት ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ላይ ልጄ በስልኩ የጠራት ታክሲ መጣች። በሩን ስከፍት ቤንዚን ሸተተኝ። አልገባም አልኩ። ልጄ አፈረብኝ። «ማሚ፣ ሪላክስ፣ መኪና እኮ ነው» አለኝ። ሹፌሩን ይቅርታ ጠይቄ ሸኘሁትና በሚኒባስ፣ በማታቱ ሄድን። ልጄ መንገዱን ሙሉ አኮረፈኝ። ያንን ሽታ ከየት እንደማውቀው ለእሱ አልነገርኩትም፤ ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ያኔ ዕድሜዬ ከልጄ ብዙም አይበልጥም ነበር። ፓርክላንድስ ውስጥ ከአንድ ትልቅ ቤት ጀርባ ባሉት ክፍሎች እንኖር ነበር። አባቴ አገር ቤት የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ናይሮቢ ከገባን በኋላ ከእሱ ዕድሜ ብዙ የማታንስ፣ ክሬም ቀለም ያላት አሮጌ መኪና ገዛ። እሁድ እሁድ እኛንም የቸርች ሰዎችንም አጭቃ ትወስደን ነበር። ቅዳሜ ሲያጥባት መዝሙር ያንጎራጉራል።

ታላቅ እህቴ ልታገባ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባቴ የጠየቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ቸርች የማደርሳት እኔው ነድቼ ነው» አላቸው። ሙሽራው የሚሠራው ሞምባሳ ስለነበር ከሠርጉ በኋላ ይዟት ይሄዳል። አባቴ ከዚህ ሌላ የሚያደርግላት ነገር አልነበረውም።

የሠርጉ ሳምንት ሲገባ መኪናዋ መሽተት ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ከሞተሯ ሥር መሬቱ ጠቁሮ እናገኘዋለን። አባቴ የልብስ ሳሙና በእጁ አድቦልቡሎ የቤንዚኑ ቱቦ ከካርቡሬተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ለጠፈ። በረሃ ላይ የተቀደደ የቤንዚን ጋን በሳሙና ደፍኖ ብዙ አገር አቋርጧል፤ በሳሙና ያምን ነበር። ሽታው አንድ ቀን ጠፋና በማግስቱ ተመለሰ።

«ልጄን በዚህ አላስጭናትም» አለች እናቴ። «ተከራይተን እንወስዳታለን።»

«ሴትዮ፣ መኪና ናት እንጂ ሽቶ አይደለችም!»

«እኔማ ሽቶ መግዛት ቀረልኝ» አለች እህቴ፣ ጸጉሯን እየተሠራች። አባቴ አልሳቀም።

እናቴ ስለ መኪና አታውቅም፤ ጠንቃቃ ግን ነበረች። አንድ አሮጌ አንሶላ ቀድዳ ቁራጮቹን ሰጠችው። «ሌሊት አልጋ ያረጠበውን ልጅ የማውቀው አንድ በአንድ ዳብሼ ነው። አንተም ለየብቻ እሰርላቸው» አለችው።

አባቴ ሳሙናውን ፍቆ አንዱን ጨርቅ ቱቦው ላይ፣ አንዱን መጋጠሚያው ላይ፣ አንዱን ደግሞ በካርቡሬተሩ ክዳን ዙሪያ አሰረ። እናቴ እኔን አሸዋ የሞላ ባልዲ አስይዛ አጥሩ ጥግ አቆመችኝ። ሞተሩ ተነሳ፣ ትንሽ ተንተከተከ፣ ጠፋ። አባቴ ቱቦውን ዳበሰ፤ ደረቅ ነው። መጋጠሚያውም ደረቅ ነው። የክዳኑ ጨርቅ ግን ርሷል።

«ሞልቶ ነው የሚፈሰው» አለ፤ ድምፁ ለስለስ ብሎ። ክዳኑን ፈታው። ውስጡ ትንሽ የነሐስ ተንሳፋፊ አለች። ቤንዚኑ ሲሞላ አብራ ከፍ ትልና መግቢያውን ትዘጋለች። አውጥቶ ጆሮው ሥር ነቀነቃት። ቀጥሎ በእናቴ ጆሮ ሥር ነቀነቃት።

«ውስጧ የሆነ ነገር ይንቦጫቦጫል» አለች እናቴ።

«ቤንዚን ጠጥታለች። ከብዷት ሰጥማለች፤ እንዴት ትዝጋ?»

ቀዳዳዋ ግን በዓይን አይታይም ነበር። እናቴ ወጥ ቤት ውሃ አፍልታ፣ ምድጃውን ማጥፋቷን ሁለቴ አይታ፣ ውሃውን በሳፋ ወደ ውጭ አመጣችው። ተንሳፋፊዋን ነከሯት። ሙቀቱ ውስጧ ያለውን አየር ገፍቶ ከጠርዟ እንደ ክር የቀጠነ አረፋ ወጣ። «ይኸው!» አሉ ሁለቱም፣ እኩል። ወላጆቼ በአንድ ነገር አብረው እንዲያ ሲደሰቱ ብዙ አላየሁም። መንገድ ዳር የሚሠራ፣ ፉንዲ የሚሉት ጥገና ሠራተኛ በውስጧ ያለውን አፍስሶ በየዳት።

ዓርብ ከሰዓት እናቴ ራሷ ሞተሩ ላይ አጎንብሳ አሸተተች። ብዙ ቆየች። አሁን እኔም ልጄ ከቤት ሲወጣ እንደዚያ ነኝ፤ ቶሎ እሺ አይወጣኝም። በመጨረሻ ቀና አለችና «በል ውሰዳት» አለችው።

ቅዳሜ ከእህቴ ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ቬሏን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። የሸተተን አዲስ ልብስና አበባ ብቻ ነበር። አባቴ በጣም በዝግታ ይነዳ ነበር፤ ማታቱዎች ክላክስ እየነፉ ያልፉናል።

«አባዬ፣ ሙሽራው ሌላ ሳያገባ አድርሰኝ» አለችው እህቴ።

«ይጠብቅ» አለ።

አመሻሹ ላይ ተመለስን፤ እናቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ብቻዬን። የኋላው በር ከውስጥ ስለማይከፈት አባቴ ዞሮ መጥቶ ከፈተልኝ። እኔ ወረድኩ። እሱ ግን እህቴ የተቀመጠችበትን ቦታ እያየ በሩን እንደያዘ ቆመ።

«ዝጋው እንጂ» አለችው እናቴ፣ ቀስ ብላ።

«እሺ» አለ። በሩን ግን ወዲያው አልዘጋውም።