ለቅሶ ቤት የማታድረው ሴት

መብርሂትን በደንብ አውቃታለሁ ለማለት አልደፍርም። ላንቻ አንድ ሰፈር ስንኖር ብዙ ዓመት ቢሆነንም ከሰላምታ ያለፈ ወሬ ያወራነው ከስንት አንዴ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ክርና ቁልፍ ትሸጣለች። የታችኛው መንጋጋዋ ወደ ኋላ ገባ ያለ ስለሆነ አገጯን በነጠላዋ ጫፍ መሸፈን ለምዳለች። ከሥራ ስትመለስ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ይጥላትና ላንቻን አልፋ ጎተራ ትነቃለች። ትጠጣለች የሚሏትም ነበሩ።

የጓደኛዋ የየሺሃረግ ባል የሞተ ጊዜ ግን ሰፈሩ የተቀየማት በሌላ ነገር ነው። የቅርብ ጓደኛ ለቅሶ ቤት ፍራሽ ላይ ከሐዘንተኛዋ ጋር ያድራል። መብርሂት ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ዕቃ ስታጥብ ትውልና ሲመሽ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

"ምን ዓይነት ልብ ነው ያላት?" አሉ ሴቶቹ።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት። አፏ ተከፈተ፤ ማንኮራፋት ጀመረች። ካርታ ከሚጫወቱት መሐል ፀሃዬ የሚባለው ጎረቤታችን፣

"ኧረ መብራት ጠፋ እንዴ? ጄኔሬተሩን ማን አስነሳው?" አለ።

ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ወዲያው ትንፋሿ ቁርጥ አለ፤ ሳቁም አብሮ ቆመ። ልቀሰቅሳት እጄን ስዘረጋ፣ ውኃ ውስጥ ቆይቶ እንደወጣ ሰው አየር ስባ ባነነች። ሁሉም ሲያያት አየች። ተነሥታ ወጣች። ምን እንደምላት ሳላውቅ ተከተልኳት።

ከኋላችን የሺሃረግ ራሷ መጣች።

"መብሪ፣ የማታድሪው ለዚህ ነው እንዴ?"

"ታዲያ ለቅሶሽን መሳቂያ ላድርገው?" አለች መብርሂት፣ መሬት መሬት እያየች። "ስተኛ መንጋጋዬ ወደ ኋላ እየሄደ ጉሮሮዬን ይዘጋዋል አለኝ ሐኪሙ። ሌሊቱን ሙሉ ስባንን ነው የማድረው፤ የተኛሁ የሚመስለው ለእኔ ነው። ቀን የሚጥለኝ ለዚያ ነው።"

"መድኃኒት የለውም?"

"መጀመሪያ፣ ስትተኚ አይቶ የሚነግረኝ ሰው ይዘሽ ነይ አለኝ። ማንን ልውሰድ? ብቻዬን ነው የምኖረው። ማንን እንቅልፌን እይልኝ እላለሁ? በዚያው ቀረሁ።"

እኔ ቀና ብዬ ላያት አፈርኩ። የሺሃረግ ግን ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት።

"በቃ እኔን ትወስጂኛለሽ። እኔ እንደሆነ እንቅልፍ የለኝም፤ ቁጭ ብዬ አይልሻለሁ። ዛሬ ታድሪያለሽ?"

መብርሂት ነጠላዋን ወደ አገጯ ሳበች። ከዚያ ከየሺሃረግ ጋር ወደ ድንኳኑ ተመለሰች።